ንጹሕ ጉቶ

ሰው ፈቅዶ የተሸከመውን ውሸት ከሞተ በኋላ ከላዩ ማንሳት ውለታ ነው ወይስ ክህደት? የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ወደ መደርደሪያ መሄድ ልማዴ ነው። ለዚህኛው ግን ወደ የትኛው መደርደሪያ እንደምሄድ እንኳ ዛሬም አላውቅም።

የቲቸር እልፍነሽን ማረፍ ያረዳችኝ ሐያት ናት፤ የጎረቤታቸው የእትዬ ሩቂያ ልጅ፣ ተድራ እዚያው ሰፈር የምትኖረው። እኔ ወልቂጤ ነበርኩ፤ እሷ ከቡታጅራ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ወይኒ፣ ቲቸር አረፉ» አለችኝ። ጠዋት ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ በአጥር በኩል አይታቸዋለች። ቀትር ላይ ለልጇ ዳማከሴ ልትለምን ስትገባ፣ ደጅ በርጩማቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው፣ እጃቸው አፈር እንደያዘ አገኘቻቸው። ያንቀላፉ መስሏት ቀስ ብላ ጠርታቸዋለች።

 መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። «እንግዲህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ሐሳብ ነበር። በራሴ ደነገጥኩ።

የማውቀውን ለመናገር ግን ከእስስቱ መጀመር አለብኝ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። መስቃን ገጠር የወንድሞቼን ደብተር በጋዜጣ እየሸፈንኩ አደግሁ፤ የራሴን ደብተር የያዝኩት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ ነው። ቡታጅራ መጥቼ ሰባተኛ ክፍል ስገባ ልጆቹ «እናታችን» ይሉኝ ነበር። ቲቸር እልፍነሽ ሳይንስ ያስተምሩን ነበር። ማደሪያ እንደቸገረኝ ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ በእረፍት ሰዓት ጠርተው «ከጓሮ ክፍል አለችኝ። ጠባብ ናት፤ አንቺም ቀጭን ነሽ» አሉኝ። በቃ፣ እንደዚህ ነው የገባሁት።

በገባሁ ማግስት ያጠብኩትን ሻሽ የግራዋው አጥር ላይ ላሰጣ እጄን ስዘረጋ፣ ቅጠል የመሰለኝ ነገር ዓይኑን አዞረብኝ። አንዱ ዓይኑ እኔን፣ ሌላው ሰማዩን ያያል። እስስት ነበር። እኛ ሰፈር እስስት ያየ ልጅ ድንጋይ ያነሳል፤ ትልቅ ሰው መንገድ ይቀይራል። የነካው ሰው ክፉ ያገኘዋል ይባላል። ጩኸቴ ዋናው መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ቲቸር ከጎመኑ መሃል ቀና አሉ። «አትጩኺበት፤ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ።

መጡና ጣታቸውን ዘረጉለት። ያ ፍጥረት ቀስ ብሎ፣ እያመነታ፣ ከግራዋው ወደ ጣታቸው፣ ከጣታቸው ወደ ትከሻቸው ተሻገረ። የማመልከው መምህሬ ትከሻ ላይ እስስት ተቀምጦ ማየት… ማታ ትቼ ልውጣ ወይስ ልቆይ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከአጥር ማዶ የእትዬ ሩቂያ ድምፅ መጣ። «ቲቸር! ያንን አውሬሽን ከአጥሬ ላይ አንሺልኝ አላልኩሽም?»

«አውሬ አይደለም ሩቂያ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቢዘገይም ይገባል።»

«አንቺስ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሽ? መቼ ዘግይተሽ ታውቂያለሽ!»

«ለዚህ ነዋ ያልተሾምኩት!»

ሁለቱም ሳቁ። አንዷ እሑድ ቸርች ትሄዳለች፤ ሌላዋ ጁምዓን አታሳልፍም። በመካከላቸው ያ የግራዋ አጥር ነበር፤ በአጥሩ ላይ ጎመን፣ እሳት፣ ወንፊት፣ ወሬ፣ ሁሉም ይሻገራል።

ግቢያቸው ሰፊ አልነበረም። በዳር በዳሩ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና አሪቲ፣ መሃል ላይ ጎመንና ቃሪያ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቶቹ። ከእንሰቶቹ የሚሳሱለት ጓርየ የሚባለው ዓይነት ነበር። እናታቸው ከሰባት ቤት ጉራጌ ሲዳሩ ይዘውት ከመጡት የተራባ ነው። አጥንት ለተሰበረ ሰው የጓርየ ሥር ተቀቅሎ ይሰጠዋል፤ እና ከባጃጅ የወደቀ ሁሉ ዘመድ ልኮ እሳቸውን ያስለምን ነበር። ሲሰጡም ሥርዓት ነበራቸው፤ «ብላበት፣ ግን ሐኪም ቤት ሄደህ ራጅ ተነሣ። እኔ ምግብ ነው የሰጠሁህ» ይላሉ።

በቡታጅራ ዙሪያ በርበሬ የሚያመርት ሰው መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ይውላል። የቲቸር ግቢ ግን የተገዛ ፀረ ተባይ አይገባም ነበር። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ሲወጣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ይወቅጣሉ፣ በውሃ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፣ አጥልለው ትንሽ የልብስ ሳሙና ያሟሙበታል፤ ከዚያ ፀሐይ ሳይበረታ ይረጫሉ። ቆራጭ ትል እንዳይጨርሰው በችግኙ ዙሪያ አመድ ይነሰንሳሉ። ጎመን ብቻውን አይተክሉም፤ ሽታ ያለው ነገር ጎኑ ይሰካሉ። ሁሉን ተባይ ግን አያጠፉም። «ጨርሼ ከገደልኩ ሠራተኞቼ ምን ይበላሉ?» ይላሉ፤ ሠራተኞቼ የሚሏቸው እስስቶቹንና ወፎቹን ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ቅጠል ሲያዩ በጠቋሚ ጣታቸው ጀርባ ይገለብጡታል። ክሽክሽ ፊት ለፊት አይቀመጥማ። ይህ ልማድ በሄዱበት ይከተላቸዋል። የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ይገለብጣሉ፤ ታክሲ እየጠበቁ ይገለብጣሉ። አንድ ሠርግ ላይ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን አበባ ቅጠል ሲገለብጡ አይቼ በሀፍረት ቀልጫለሁ። ፕላስቲክ ነበር። «ቢያንስ ክሽክሽ የለውም» ብለው ተቀመጡ።

ቀላል ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። ግትር ነበሩ፤ ልክ መሆን ይወዱ ነበር። ሰባኪው ተባይ ሁሉ የእርግማን ፍሬ ነው ቢል፣ ጸሎቱ እንዳለቀ በር ላይ ጠብቀው «ፓስተር፣ እስስት ከየትኛው ወገን ናት?» ብለው ያፋጠጡ ሴት ናቸው። እኔንም አልማሩኝም። የአበባ ክፍሎችን የፈተኑን ቀን በየጠረጴዛችን ላይ አንዳንድ አበባ አስቀምጠው ነበር። እኔ ሌሊቱን መጽሐፉን ሸምድጄ ነው የመጣሁት፤ አንድም ሳልሳሳት ጻፍኩ። ዜሮ ሰጡኝ። እንባዬ መጣ።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ እንደዚህ ነው!»

«አዎ፣ መጽሐፉ ላይ እንደዚህ ነው። አንቺ ፊት የነበረው አበባ ግን ግማሹ ረግፏል። አላየሽውም።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ወይንሸት፣ ያየሽውን ጻፊ። የምታውቂውን በኋላ ትጨምሪያለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሌላ ሆነ። መጽሐፍ መውደዴ አልቀረም፤ ግን ያየሁትን ነገር እንዳላየሁ ማድረግ አቃተኝ። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኋላ የደነገጥኩትም ለዚህ ነው።

እንሰት የሚፋቀው በጋራ ነው። ዛሬ አንዷ ግቢ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ግቢ፣ የሰፈሩ ሴቶች ቢላቸውንና የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው በወረፋ ይሰበሰባሉ። ቲቸር ተራቸው ሲደርስ በራቸው ላይ እሳት አንድደው ይቆሙ ነበር። በነበልባል ያላለፈ ቢላ እንሰታቸውን አይነካም። ሴቶቹ ይቀየማሉ።

«ቲቸር፣ እጃችን ቆሻሻ ነው ማለትሽ ነው?»

«እጃችሁን መቼ ጠበስኩ? ቢላችሁን ነው።»

የሚፈሩት አጠውልግን ነበር። አጠውልግ የገባበት እንሰት መጀመሪያ የመሃሉ ቅጠል ይዝላል፤ ቀጥሎ ይንጠለጠላል፤ ግንዱን ስትቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ እንደ መግል ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው። ከግቢ ወደ ግቢ የሚሻገረው ደግሞ በቢላ ነው። ይህን ሁሉም ይሰማል፤ የግብርና ባለሙያውም በየስብሰባው ይናገራል። ግን ሌላ ነገርም አለ። አጠውልግ የገባበት ቤት ወረፋው ይዘለላል። ማንም «አትምጪ» አይላትም፤ ቀኑን የሚነግራት ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ይደብቃል። የዛለውን ቅጠል ማለዳ ቆርጦ ይጥልና፣ በዚያው ቢላ ጤነኛውን ይነካል።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ወልቂጤ ሥራ ባገኘሁበት ሰሞን፣ ዕቃዬን እያሰርኩ ሳለ፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች አጥሩ ጋ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ሩቂያ፣ የመሃሉ ቅጠል ተንጠልጥሏል።»

«ፀሐይ ነው።»

«ፀሐይማ የኔንም ያገኘዋል።»

«ያንቺን ያሳደገችው ቲቸር ናት፤ የኔን ያሳደገው ድሃ ነው!» እትዬ ሩቂያ ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ስሚኝ። ሐያትን የሚወስዱት ሰዎች የኒካሑን ቀን ቆርጠው ሄደዋል። ‹የነሩቂያ ግቢ ታመመ› የሚል ወሬ ከዚህ አጥር ካለፈ ያለፈው ካንቺ አፍ ነው። ወላሂ አልተውሽም።»

«ከኔ አፍ አይወጣም። ግን ንቀይው።»

«ነቅዬስ? ለምን ነቀልሽ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ቲቸር ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። 

ቀጥሎ በነበሩት ቀናት በሰፈሩ ወጡ ወረዱ። ቅጠል አልገለበጡም፤ የሚያዩት ቦዩን ነበር። ማታ እራት ላይ እንጀራውን እያገላበጡ፣ «የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል በየቦዩ ተጥሏል። ሩቂያ ብቻ አይደለችም፤ ብዙ ቤት ደብቋል» አሉኝ። «ሁሉም የሌላው ስም እስኪወጣ ይጠብቃል። እንደዚህ ሲጠባበቁ ሰፈሩ ሙሉ ያልቃል።»

«ለባለሙያው አይነግሩም?»

«ማን ብዬ? የሩቂያን ስም ሰጥቼ?»

ከዚያ ያ ማለዳ መጣ።

የገጀራ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ከዚያ ከባድ ነገር ሲወድቅ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። ቲቸር ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው እንሰቶቻቸውን እየጣሉ ነበር። አንዱን አይደለም፤ ሁሉንም። ለፍግ ያስቆፈሩት ትልቅ ጉድጓድ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ፊታቸው በላብና በጭማቂ ርሷል። ያበዱ መሰለኝ፤ ከልቤ ነው የምለው።

«ቲቸር! ምን ነካዎት?»

«አካፋውን አምጪ።»

ወደ እሳቸው ስሄድ ጉቶዎቹን አየሁ። አጎነበስኩ። ነጭ ነበር። ንጹሕ፣ ውሃ ያዘለ፣ ልክ እንደ ጤነኛ እንሰት። ቀጣዩን አየሁ፤ ነጭ። የሚቀጥለውንም።

«ቲቸር፣ መግል የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ…?»

«ታዲያ ሰው ሳይነሳ አፈር እንመልስበት።»

እያለቀስኩ አፈር መለስኩ። ግንዶቹን ቀበርን፤ ጉቶዎቹን በአመድና በአፈር ሸፈንን። የእናታቸው ጓርየዎች ጋ ሲደርሱ ገጀራውን ለትንሽ ጊዜ ዝቅ አድርገው ቆሙ። «እማዬ» አሉ፤ ከዚያ ቆረጡ።

ፀሐይ ሲወጣ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው መንገድ ላይ ቆሙ። የክፍል ድምፃቸውን አወጡ፤ ያንን ከኋላ ወንበር ያለውን የሚቀሰቅሰውን። «ሰዎች! አጠውልግ ግቢዬ ገብቷል! ሁሉንም ነቅያለሁ። እናንተም እዩ፣ ያገኘ ይንቀል፣ ቢላውን በእሳት ያሳልፍ!»

ሰው ከየቤቱ ወጣ። እትዬ ሩቂያ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ባዶው ጓሮ ተመለከቱ። ከዚያ «ካንቺ ነው የጀመረው?» አሉ።

«ከእኔ ነው የጀመረው» አሉ ቲቸር።

ከሰዓት በኋላ የገጀራ ድምፅ ከአጥር ማዶ ተሰማ። ከዚያ ከላይኛው ቤት፣ ከዚያ ከታችኛው። ምሽት ላይ በየበሩ እሳት ይነድ ነበር። ደብቀው የነበሩት ሁሉ አወጡ፤ ምክንያት አገኙና። «ቲቸር አመጣችብን» ማለት «ከእኔ ወጣ» ከማለት ይቀላል። ያልተነካው እንሰት ዳነ፤ ዛሬ ያ ሰፈር እንሰት ያለው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። የሐያት ኒካሕም በቀኑ ሆነ፤ ቆጮው ከዘመድ መጣ፤ የእትዬ ሩቂያ ስም አልተነሳም።

ያን ምሽት ቲቸር እጃቸውን በገንዳ ሲታጠቡ ውሃ አፈሰስኩላቸው። መታገሥ አልቻልኩም።

«ውሸት ነው እኮ።»

«ውሸት ነው።»

«‹ያየሽውን ጻፊ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ። አልክድም።» እጃቸውን እያዩ አሹት። «ሩቂያ ልጅ ትድራለች። እኔ የምድረው የለኝም።»

«አንዱን ብቻ ቆርጠው ታመመ ማለት አይቻልም ነበር?»

«አንዱን ብቆርጥ ሌላውን መጥተው ያዩታል። የሰፈሬን ሰው አላውቀውም?» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ።»

እሺ አልኩ። መጠየቅ የነበረብኝ እስከ መቼ የሚለውን ነበር።

በማግስቱ ወደ ወልቂጤ ስሄድ ከእኔ ክፍል ጀርባ ከተደፋ ባልዲ ሥር ትንሽ ችግኝ አወጡ። ጓርየ ነበረች። በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። የታመመ ግቢ ችግኝ ወደ ሌላ አገር አይወሰድም፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ያቺ ችግኝ በእጄ ላይ ያለች ምስክር ነበረች። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌያት ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለእረፍት በተመለስኩ ቁጥር አይቻለሁ። የቲቸር ወረፋ ተዘለለ። የሚነግራቸው ጠፋ። የተማሩባቸው ልጆች እንኳ «ባለ አጠውልጓ ቲቸር» ይሏቸው ጀመር። በሽታውን ያመጣው እስስቱ ነው የሚልም ተነሳ። ይህንን ስነግራቸው የምራቸውን ተቆጡ፤ «እኔን ይበሉኝ! እሱ ምን አደረገ?» ዳማከሴ ፈላጊ አልቀረም፤ ግን በአጥር ቀዳዳ ነው የሚቀበለው፣ ከሐያት በቀር ግቢው የሚገባ የለም። እትዬ ሩቂያም ሰላም ይላሉ እንጂ በአጥሩ ላይ መሳቅ ቀረ። እንሰት ደግመው አልተከሉም፤ ችግኝ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም። የኔን ላምጣልዎት ስላቸው «አንቺ ጋ ትሁን። እዚህ ማንም አይቀበላትም» አሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ «አልከፋዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የጎመን ቅጠል ገልብጠው ሲያዩ ነበር። «ከፍቶኛል» አሉ። ቀጣዩን ቅጠል ገለበጡ።

ለቀብራቸው ስደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ዘማሪዎቹ ዘመሩ፣ ሰው አለቀሰ፤ ይወዷቸው እንደነበር ገባኝ። በዚያው መካከል ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «በጣም ደግ ሰው ነበረች። ያንን በሽታ አመጣችብን እንጂ» አሉ። 

እትዬ ሩቂያ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ ነበር። ቀና አሉና፣ «ተዉ እንግዲህ» አሉ። «ግቢዬን ሙሉ ያጣሁት እኔ እንኳ ይቅር ብያታለሁ።»

ይቅር ብያታለሁ። የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የሚያንሾካሹክ ሰው ቢሆን እችለው ነበር። ይቅርታውን ግን አልቻልኩትም። ቢሆንም አፌ አልተከፈተም፤ «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለው ድምፅ ከድንኳኑ ሁሉ ይበልጥ ይሰማኝ ነበር። ተመልሼ ወልቂጤ ሄድኩ።

እንሰት እንደ ሙዝ በጎኑ አይፈላም። ልጅ ከተፈለገ እናቲቱ ትቆረጣለች፤ ሥሯ ልቡ ወጥቶ አፈር ይለብሳል፣ ቡቃያው ከዚያ ነው የሚወጣው። የኔ ጓርየ ከጓሮዬ ግድግዳ በላይ ሆና ነበር፤ ልጅ ላወጣባት እያሰብኩ ስሳሳላት ዓመታት አልፈዋል። ከቀብሩ በተመለስኩ ማግስት ገጀራ ተዋስኩ፣ በእሳት አሳለፍኩ፣ ቆረጥኳት። አጎንብሼ ጉቶውን አየሁ። ነጭ ነበር። ያ ማለዳ ሙሉ በሙሉ ተመለሰብኝ፤ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ቡቃያዎቹ ለመነቀል ሲደርሱ የበረታችውን መርጬ በጆንያ ጠቅልዬ ቡታጅራ ወረድኩ። የቲቸር በር ተቆልፏል፤ ዳማከሴው አጥሩን አልፎ መንገዱን እያየ ነው። እትዬ ሩቂያ ደጃቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። አርጅተዋል። «አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ልጅ ወይኒ! ነይ ተቀመጪ» ብለው ሳሙኝ፤ ከዚያ ጆንያውን አዩት።

«ምንድን ነው?»

«ጓርየ ነው።»

«ከየት?»

«ከቲቸር።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ውሰጂው ልጄ። ነፍሷን ይማር፣ ግን ከዚያ ግቢ የወጣ እዚህ አይተከልም።»

«እናቱ ወልቂጤ እኔ ጓሮ ነበረች። ያን ጊዜ ስሄድ ነው የሰጡኝ። አንድ ቀንም ቅጠሏ አልዛለም። ራሴ ቆርጬ አይቻታለሁ፤ ንጹሕ ናት።»

«እንዴት ይሆናል? ያን ጊዜ ግቢዋ ታሞ አልነበር?»

«እትዬ ሩቂያ» አልኩ።  «የቲቸር ግቢ አልታመመም ነበር። ጉቶዎቹን ያን ማለዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱም መግል አልነበረውም።»

ጎመኑ ከእጃቸው አልወደቀም፤ እንደያዙት ቆዩ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የመጣው ቁጣ ነበር፣ ዋሸሽ ሊሉኝ ያሰቡ ይመስል። ከዚያ ዓይናቸው ወደ አጥሩ ሄደ፤ አጥሩ ጋ የተባለው ሁሉ ሲመለስባቸው አየሁ።

«የኔ ከሷ በፊት ጀምሮ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «አውቅ ነበር መጀመሩን። ከእኔ ነው ስትል ግን… የሷ ከኔም በፊት ጀምሮ ደብቃው ይሆናል አልኩ። እንደ እኔ።»

ጆንያውን አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

«ሁሉንም? የእናቷንም?»

«ሁሉንም።»

«ለኔ ብላ?»

«‹ሩቂያ ልጅ ትድራለች› ነው ያሉኝ።»

እትዬ ሩቂያ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ደግሞ ይቅር ብያታለሁ አልኩ። በድንኳን፣ በሰው ፊት።» ሊያለቅሱ ነው ብዬ ተነሣሁ። አላለቀሱም። «ክብሪት ከምድጃው አጠገብ አለ፣ አምጪልኝ» አሉኝ።

ደጃፉ ላይ ገለባ አነደዱ። ገጀራቸውን አምጥተው ወዲያና ወዲህ እያገላበጡ በነበልባሉ ውስጥ አሳለፉት፣ ቲቸር በራቸው ላይ ያደርጉት እንደነበረው። ከግራዋው አጥር ሥር አፈሩን ራሳቸው ቆፈሩ። ችግኟን ሰጠኋቸው። አጥሩ ላይ፣ ከፊታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ እስስት አንዱን እግሩን አንሥቶ ቆሟል። አይተውታል። አንሺልኝ አላሉም።

አፈሩን በእግራቸው ጠቅጠቅ ካደረጉ በኋላ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ በሩ ሄዱ። «እትዬ ሩቂያ፣ ይቆዩ፣ ዛሬ ባይሆንስ…» አልኩ ተከትያቸው። እስከ ዛሬ ያንን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አልሰሙኝም። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው መንገዱ መሃል ቆሙ፤ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ አፈር በእጃቸው።

«ሰዎች!» አሉ። ድምፃቸው እንደ ቲቸር አይደለም፤ ተሰነጠቀ። ደግመው ጠሩ። ሴቶቹ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ፤ ሐያት ልጇን አዝላ ከማዶ ቤት መጣች፤ በድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ የነበሩት ሽማግሌም ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እትዬ ሩቂያ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቁ።

«የቲቸር ግቢ ንጹሕ ነበር» አሉ። «ከእኔ ነው የጀመረው።»